ገሚስ ባዶ ትምህርት ቤቶች፦ የመማሪያ ክፍል አጠቃቀም በሎጊያ፣ በሠመራና በአዋሽ

በአፋር ክልል አንድ ትምህርት ቤት ገሚሱ ባዶ ነው ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። የመጀመሪያው በሰዓት ባዶ የሚሆን ክፍል ነው፤ ጠዋት ሞልቶ ከሰዓት በኋላ ይቆለፋል። ሁለተኛው በወቅት ባዶ የሚሆን ነው፤ ከብቱ ግጦሽ ፍለጋ ሲነሣ ልጆቹም አብረው ይነሣሉ፣ ወቅቱ ሲለወጥ ወንበሩ እንደገና ይሞላል። ሦስተኛው ሰፈሩ ራሱ የተነሣበት ትምህርት ቤት ነው፤ ጦርነት፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም የሥራ መጥፋት ሕዝቡን ወስዶት ሕንፃው ብቻውን ቀርቷል። ሦስቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም። የመጀመሪያው የፈረቃ ድልድል ይበቃዋል። ሁለተኛው የትምህርት ካላንደርንና ማደሪያን ይመለከታል። ማዋሐድ፣ መዝጋት ወይም አገልግሎት መለወጥ የሚባለው ጉዳይ በእርግጥ የሚነሣው በሦስተኛው ላይ ነው።

ሎጊያ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች የንግድና የከባድ መኪና ሾፌሮች ከተማ ናት። ጎረቤቷ ሠመራ ከአይሳኢታ ቀጥሎ የክልሉ ርዕሰ ከተማ ለመሆን በሜዳ ላይ አዲስ የተሠራች ስትሆን፣ ዛሬ ሁለቱ በአንድ የከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። በደቡብ በኩል አዋሽ ሰባት ኪሎ በባቡር ጣቢያነት ያደገች ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 1,390,273 ነበር። ክልሉ ወደ 72,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ሰው 20 አይሞላም፤ ከሕዝቡም በከተማ ይኖር የነበረው ከሰባት ሰው አንዱ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚያቅደው ለከተማው ልጅ ብቻ አይደለም። በዙሪያው ያለው አርብቶ አደር ወቅት እየጠበቀ ወደ ከተማው ይቀርባል፣ ከከተማውም ይርቃል።

በአዋሽ ሸለቆ ሕዝብ ሥራን ተከትሎ ሲሰፍርና ሲነሣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የቀድሞው የኢትዮ ፈረንሳይ የባቡር መስመር የአዋሽን የሠራተኛ ሰፈሮች ፈጠረ፤ መስመሩ ሥራ ሲያቆም ኑሯቸው በባቡሩ ላይ የተመሠረተ ቤተሰቦች ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በአሮጌው ሐዲድ ላይ አልተሠራም፣ የሚፈልገው ሠራተኛም የቀድሞውን ያህል አይደለም። በዱብቲ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተስፋፋው የተንዳሆ የጥጥ እርሻ፣ በኋላም የተንዳሆ ስኳር ልማት የሠራተኛ መንደሮችን አስከትለዋል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሲቀዛቀዝ ደግሞ የመንደሩ ልጆች ቁጥር አብሮ ይወርዳል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በጋምቤላ ክልሎች የተካሄደው የመንደር ማሰባሰብ መርሐ ግብር በአራቱ ክልሎች 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ለማስፈር የታቀደ ነበር። ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ከዕቅዱ ውስጥ ስለነበሩ፣ ሰው ተረጋግቶ ሳይሰፍር ሕንፃው የሚቀድምበት ሁኔታ ተፈጠረ።

አደጋዎችም በዚሁ ላይ ተጨመሩ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ በመካከለኛውና በታችኛው ተፋሰስ ያሉ ብዙ ቤተሰቦችን አፈናቀለ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ኪልባቲ ረሱ ዞን ወረዳዎች ሲዘልቅ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ጥሎ ወጣ። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ የአዋሽ ፈንታሌና የአጎራባች ወረዳዎችን ነዋሪዎች አስነሥቷል። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ አንድ ትምህርት ቤት ባዶ ሲሆን ሌላው ከአቅሙ በላይ ሞልቷል። ባዶው ክፍልና የተጨናነቀው ክፍል የአንድ ሕዝብ ሁለት አድራሻ ናቸው፤ አንዱን ለይቶ ማየት ስለ ሌላው የተሳሳተ ውሳኔ ያስወስናል።

የወቅቱ ዑደት ከአደጋው ይልቅ መደበኛ ነው። ከርማ የሚባለው ዋናው ዝናብ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሲዘንብ መንጋው ከወንዙ ርቆ በሜዳው ይበተናል፤ ወንዙም በዚያው ጊዜ ስለሚሞላ የወንዙ ዳር አያስቀምጥም። ደረቁ ወቅት ሲገባ ከብቱም ሰዉም ወደ አዋሽ ዳርቻ ይሰበሰባል። ስለዚህ መስከረም ላይ ሲመዘገብ ባዶ የሚመስለው የወንዝ ዳር ትምህርት ቤት ከጥቂት ወራት በኋላ ሊጨናነቅ ይችላል። ከሜዳው ላይ ያለው ደግሞ በተቃራኒው ነው። የአገሪቱ የትምህርት ዘመን ከመስከረም እስከ ሰኔ መሆኑ ለደጋው ገበሬ የሥራ ዑደት ይቀርባል፤ ከአርብቶ አደሩ የጉዞ ዑደት ጋር ግን ብዙ ጊዜ ይጋጫል። በወንዙ ዳር የነበረውን የበጋ ግጦሽ በከፊል የወሰዱት ሰፋፊ እርሻዎችና የተዛመተው የፕሮሶፒስ ቁጥቋጦ ጉዞውን አርዝመውታል፤ ልጁ ከትምህርት ቤቱ የሚርቅበት ጊዜም በዚያው መጠን ረዝሟል።

ከማናቸውም ውሳኔ በፊት ልኬት ይቀድማል። የአንድ ትምህርት ቤት አቅም የሚሰላው የመማሪያ ክፍሎቹን ቁጥር በአንድ ክፍል በሚፈቀደው የተማሪ ቁጥር በማባዛት ነው። የኢትዮጵያ መስፈርት በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። ለምሳሌ ያህል 12 መማሪያ ክፍል ያለው አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይታሰብ። በአንድ ፈረቃ 600፣ በሁለት ፈረቃ 1,200 ተማሪ ይይዛል። የተመዘገበው ተማሪ 330 ቢሆን፣ በአንድ ፈረቃ ስሌት ትምህርት ቤቱ 55 በመቶ ተይዟል፤ በሁለት ፈረቃ ስሌት ግን 27.5 በመቶ ብቻ ነው። በጥር ወር በአካል የተገኘው 240 ቢሆን አጠቃቀሙ በአንድ ፈረቃ 40 በመቶ፣ በግንቦት 90 ብቻ ቢገኝ 15 በመቶ ይሆናል። ያው ሕንፃ፣ ያው ዓመት ነው፤ የተለወጠው የተቆጠረበት መንገድ ብቻ ነው። አንድ ሪፖርት “ትምህርት ቤቱ ባዶ ነው” ሲል በየትኛው ፈረቃ፣ በየትኛው ወር፣ በምዝገባ ወይስ በመገኘት እንደሆነ ካልተናገረ ለውሳኔ አይበቃም።

የሁለት ፈረቃ ስሌት በቆላ ከተሞች ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። በሞቃቱ ወራት የሠመራና የሎጊያ የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚሰጥ የከሰዓት ትምህርት በወረቀት ላይ እንደ አቅም ይቆጠር እንጂ ልጁ አይማርበትም። ስለዚህ እዚህ የከሰዓቱ ባዶነት ሁልጊዜ ብክነት አይደለም፤ ከአየሩ ጠባይ የመጣ ነው። ያንን አቅም ለማግኘት የሚቀለው ርምጃ አዲስ ብሎክ መሥራት ሳይሆን ላለው ክፍል ኮርኒስ፣ በቂ መስኮትና የመጠጥ ውሃ ማሟላት፣ ፈረቃውንም ወደ ማለዳና ወደ አመሻሽ ማራቅ ነው።

በምዝገባና በመገኘት መካከል ያለው ልዩነት ሌላ ምክንያትም አለው። ለትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የሚላከው የድጎማ ገንዘብ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ በመሆኑ፣ የሄደውን ልጅ ስም ከመዝገብ ለመሰረዝ ርዕሰ መምህሩን የሚገፋፋው ነገር የለም። በሌላ በኩል ስሙ ያልተሰረዘው ልጅ በእርግጥ ሊመለስ ይችላል። ይህን ለመለየት በዓመት አንድ ጊዜ መቁጠር አይበቃም፤ ቢያንስ በዝናቡ ማግሥት፣ በበጋው መካከልና በትምህርት ማብቂያ ላይ ሦስት ቆጠራ ያስፈልጋል። መረጃው ከመዝገብ ውጭም ይገኛል። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሰላምና ስለ ቤተሰብ የሚለዋወጡት ዳጉ፣ የትኛው ሰፈር ወዴት እንደሄደና መቼ እንደሚመለስ ከማንኛውም ቅጽ ቀድሞ ያሳውቃል። የወረዳው ሱፐርቫይዘር ይህን ከጎሳ መሪዎች ጠይቆ ቢመዘግብ የተነሣውን ሰፈር ለወቅቱ ብቻ ከራቀው ሰፈር መለየት ይችላል።

ቆጠራው የባዶነቱን መጠን ያሳያል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። በአርብቶ አደር አካባቢ ልጆች ከትምህርት ቤት ከሚቀሩባቸው ምክንያቶች ዋነኞቹ የታወቁ ናቸው፦ የውሃ ጉድጓዱ ወይም ቦቴው መቋረጡ፣ የምገባው መቆሙ፣ መምህሩ በቦታው አለመኖሩ፣ ለሴቶች ልጆች የተለየ መጸዳጃ ቤት አለመኖሩ፣ ትልልቆቹ ለጋብቻ ወይም ለሥራ መፈለጋቸው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም የተማሪዎች ምገባን በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረ ሲሆን፣ ምግብ ያለበት ክፍል ይሞላል። ክፍሉ የተራቆተው ምገባው ስለቆመ ከሆነ መልሱ ትምህርት ቤቱን መዝጋት አይሆንም። መምህሩ ሎጊያ እያደረ ወደ ገጠሩ ቀበሌ የሚመላለስ ከሆነም ጥያቄው የመምህር ማደሪያ ቤት እንጂ የተማሪ እጥረት አይደለም። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም ሳይኖር፣ ሁሉም ተሟልቶ ክፍሉ ለሦስት ዓመት ያህል ባዶ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ባዶነቱ ዘላቂ ነው ሊባል ይችላል።

ዘላቂ የሆነውንም ቢሆን ከመዝጋት በፊት በትምህርት አገልግሎት ለመሙላት የሚያስችሉ መንገዶች አሉ። ቀላሉ የቅበላ ክልልን እንደገና ማካለል ነው፤ ከአጠገቡ ባለው ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል 80 ተማሪ ከተጨናነቀ፣ የሁለቱ ድንበር አንድ ሰፈር ወደዚህ በማምጣት ብቻ ሊስተካከል ይችላል። ሁለተኛው የደረጃ ለውጥ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አድርጎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ 6 ዓመት አንደኛ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አድርጎ፣ ከሥር ደግሞ የ2 ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃ አስቀምጧል። ይህ ለውጥ ከአንደኛ ደረጃ ሕንፃ 7ኛና 8ኛ ክፍልን ሲያወጣ ለሕፃናት የሚሆን ክፍል ይጠይቃል። ገሚሱ ባዶ የሆነ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለቅድመ አንደኛ ደረጃ የሚያስፈልገውን ቦታ ያለ አዲስ ግንባታ ያስገኛል፤ ሕፃናቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 1ኛ ክፍል ሲያልፉም ባዶነቱን ራሳቸው ይቀንሱታል።

በወቅት ለሚራቆተው ትምህርት ቤት ደግሞ አንዱ መንገድ ትምህርቱን ከሕንፃው ማላቀቅ ነው። የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ትምህርት ባጠረ ጊዜና በሰፈሩ ሰዓት ይሰጣሉ፤ ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤቶችም መምህሩን ከመንጋው ጋር ያስጉዛሉ። በዚህ አሠራር ትንንሾቹ ልጆች በየሰፈራቸው ይጀምራሉ፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ ክፍል ወደተረፈው የጉድኝት ማዕከል ትምህርት ቤት ይሸጋገራሉ። የማዕከሉ ባዶ ክፍል የሚሞላው እንግዲህ ከታች በሚመጣው ተማሪ ነው፤ ጣቢያውና ማዕከሉ በአንድ ዕቅድ ካልተያዙ ግን ልጁ ጣቢያውን ጨርሶ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሌላው መንገድ አዳሪ ቤት ነው። ወላጅ ከብቱን ተከትሎ ሲሄድ ልጁ በከተማው የሚያድርበት ቤት ካለ፣ በወቅት የሚራቆተው ክፍል ዓመቱን ሙሉ ሊሞላ ይችላል። ለዚህ የሞንጎልያ ታሪክ ይጠቅማል። በሶሻሊስት ዘመን የሞንጎልያ አርብቶ አደሮች ልጆች በመንግሥት አዳሪ ቤቶች ይማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት የምግቡን ወጪ ወላጆች በሥጋ እንዲከፍሉ ሲያደርግ ከብት የሌላቸው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አስቀሩ፣ አዳሪ ቤቶቹም ተራቆቱ፤ ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲነሣ ልጆቹ ተመለሱ። ሕንፃው በሁለቱም ጊዜ ያው ነበር። አዳሪ ቤትን የሚሞላው የቀለብ በጀቱ፣ የሞግዚቷና የዘበኛው ደመወዝ፣ በተለይም የሴቶች ልጆች ደኅንነት መሆኑን ይህ ያሳያል።

ማዋሐድ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ ሒሳቡም ከሚመስለው ይረቃል። ቀደም ሲል የተጠቀሰው 330 ተማሪ ያለው ባለ 12 ክፍል ትምህርት ቤት 180 ተማሪ ያለው ጎረቤቱን ቢቀበል ድምሩ 510 ይሆናል፤ ከ600 አቅም አንጻር 85 በመቶ ስለሆነ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ተማሪዎቹ በክፍል ደረጃ ሲከፋፈሉ 1ኛ ክፍል 130፣ 2ኛ 110፣ 3ኛ 90፣ 4ኛ 75፣ 5ኛ 60፣ 6ኛ 45 ቢሆኑ፣ በ50 ሲመደቡ እንደ ቅደም ተከተላቸው 3፣ 3፣ 2፣ 2፣ 2 እና 1 ሴክሽን ይፈልጋሉ። ድምሩ 13 ሴክሽን ነው፤ ያለው ግን 12 ክፍል። በጠቅላላ ቁጥር 90 ወንበር የተረፈው ትምህርት ቤት በሴክሽን ሲቆጠር አንድ ክፍል ይጎድለዋል። ትምህርቱ በአፋርኛና በአማርኛ በሁለት ጎራ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ሴክሽኑ ከዚህም ይበዛል፤ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ተማሪዎች የተለየ ክፍል ሲታሰብም እንዲሁ።

የማዋሐድ ትርፉም ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው ያንሳል። በኢትዮጵያ የትምህርት መደበኛ በጀት አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ የሚውል ነው። የሕንፃው ወጪ የዘበኛና የጥቂት ጥገና ብቻ ስለሆነ በሩን መዝጋት ብቻውን ብዙ ገንዘብ አያድንም፤ ቁጠባ የሚገኘው አነስተኛ ሴክሽኖች ተዋሕደው መምህራን እጥረት ወዳለበት ሲዛወሩ ነው። በአንጻሩ የመንገዱ ርዝመት በልጁ ላይ ይጨመራል። በጎርፍ ጊዜ የሚሞላ ወንዝ ወይም ከባድ መኪና የሚከንፍበት አውራ ጎዳና በመካከል ካለ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ለሰባት ዓመት ሕፃን ሩቅ ነው።

በዚህ ረገድ የቺካጎ ከተማ ተሞክሮ በሰፊው ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የከተማዋ የትምህርት ቦርድ በበጀት ጉድለትና በተማሪ ማነስ ምክንያት 50 ያህል ትምህርት ቤቶችን በአንድ ጊዜ ለመዝጋት ወሰነ፤ ውሳኔው 12,000 ገደማ ተማሪዎችን ነካ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ልጆች ውጤት ማሽቆልቆል የጀመረው ገና ዜናው በተነገረበት ዓመት መሆኑን፣ በሒሳብ ትምህርት ደግሞ ጉዳቱ ለዓመታት መቆየቱን አሳዩ። ከሕንፃዎቹም ብዙዎቹ ለዓመታት ገዥ ሳያገኙ ቆመዋል። የጃፓን መንገድ ከዚህ ይለያል። ሕፃናት እያነሱ በመሄዳቸው በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ የትምህርት ሚኒስቴሩ ግን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ባዶ ሕንፃዎችን ዘርዝሮ ፈላጊ ካላቸው ጋር ያገናኛል። ቆመው ከቀሩት ሕንፃዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ለማኅበረሰብ ማዕከል፣ ለአረጋውያን መጦሪያ፣ ለአነስተኛ ፋብሪካና ለመሳሰሉት ውለዋል። የሁለቱ ልዩነት በአሠራሩ ነው፦ በአንዱ የሕንፃው ቀጣይ አገልግሎት ከመዘጋቱ በኋላ ተፈለገ፣ በሌላው አገልግሎት ማፈላለግ ራሱን የቻለ የመንግሥት ሥራ ሆኖ ተያዘ።

በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የትምህርት ቤት ግቢ እንደ ቺካጎ ለግል ገዥ የሚሸጥበት መንገድ የለም። ሥልጣኑ በክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ በከተማው ወይም በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና በአስተዳደሩ መካከል የተከፋፈለ ነው። በታች በኩል የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ እንዲሁም የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት አሉ። ብዙ ትምህርት ቤቶች በነዋሪው ጉልበትና ገንዘብ የተሠሩ በመሆናቸው ሕዝቡ የራሱ ንብረት አድርጎ ያያቸዋል፤ በአፋር ደግሞ ቦታው የየትኛው ጎሳ እንደሆነ ይታወቃል። ሁለት ትምህርት ቤቶችን ማዋሐድ ልጆችን ከአንድ ጎሳ መሬት ወደ ሌላው መውሰድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጎሳ መሪዎችና ሽማግሌዎች የሚመክሩት ውሳኔው ከመፈረሙ በፊት መሆን አለበት፤ ከተፈረመ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ማስታወቂያ እንጂ ምክክር አይደለም።

አገልግሎት መለወጥ ሲወሰን ምርጫው በአካባቢው ጉድለት ይመራል። ለጎልማሶች ትምህርት፣ ለአጭር ጊዜ የሙያ ሥልጠና፣ ለመምህራን ማደሪያ፣ ለጤና ኬላ ወይም ለእንስሳት ጤና ጣቢያ ሊውል ይችላል። ሆኖም ክፍሎቹ ተመልሰው ለትምህርት እንዲውሉ የሚያስችል ውል ያስፈልጋል፤ በአዋሽ ሸለቆ የሄደ ሕዝብ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነውና። በዚሁ ምክንያት በእያንዳንዱ የከተማ አስተዳደር ጥቂት ክፍሎችን ለአደጋ ጊዜ መጠባበቂያ አድርጎ መያዝ እንደ ብክነት አይታይም። ተፈናቃዮች በትምህርት ቤት ሲያርፉ ግን ሦስት ነገሮች አስቀድመው ይወሰናሉ፦ የትኞቹ ክፍሎች እንደሚሰጡ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚሰጡ፣ ትምህርቱ በየትኞቹ ክፍሎች እንደሚቀጥል። የመሬት መንቀጥቀጥ በጎበኛቸው አካባቢዎች ደግሞ ባዶ የቆየ ሕንፃ ተማሪም ተፈናቃይም ከመቀበሉ በፊት ግድግዳውና ምሰሶው በመሐንዲስ መታየት አለበት።

የተዘጋ ሕንፃም ጠባቂ ይፈልጋል። በቆላው ፀሐይና ነፋስ የቆርቆሮው ሚስማር ይላላል፣ ምስጥ በርና መስኮቱን ይበላል፣ በር የሌለው ክፍል የፍየል መጠለያ ይሆናል። ስለዚህ ሲዘጋ ኮምባይንድ ዴስኮቹና መጻሕፍቱ ተቆጥረው ወደ ተቀባዩ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ሮስተሩና የተማሪዎች ማኅደር በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጣሉ፣ አለዚያ ከዓመታት በኋላ ትራንስክሪፕት የሚጠይቅ ሰው ማስረጃውን አያገኝም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው “ትምህርት ለትውልድ” ንቅናቄ ሕዝቡን ለትምህርት ቤቶች ግንባታና ጥገና ያስተባበረ ነው። ከዚህ ሀብት ለአዲስ ብሎክ ከመመደቡ በፊት በአጎራባች ትምህርት ቤቶች ያለው ባዶ ክፍል ቢቆጠርና ለጥገናው ቅድሚያ ቢሰጠው፣ ባነሰ ወጪ ብዙ መቀመጫ ይገኛል።

የሥራው ቅደም ተከተል በአጭሩ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ ክፍሎችና ልጆች በዓመት ሦስት ጊዜ ይቆጠራሉ፤ የሎጊያ፣ የሠመራና የዙሪያው ቀበሌዎች ቁጥር በአንድ ሰንጠረዥ ይታያል። ከዚያ ባዶነቱ የሰዓት፣ የወቅት ወይም የዘላቂ መሆኑ ይለያል፣ ምክንያቱም ይመረመራል። በሰዓት የሆነው በፈረቃ፣ በወቅት የሆነው በካላንደር፣ በተንቀሳቃሽ ትምህርትና በአዳሪ ቤት ይስተካከላል። ዘላቂ የሆነው በማካለልና በደረጃ ለውጥ ካልሞላ ነዋሪው መክሮበት ይዋሐዳል፤ ማዋሐዱም የሚፈጸመው በትምህርት ዘመን መካከል ሳይሆን በክረምቱ ዕረፍት፣ ለተለቀቀው ሕንፃ ቀጣይ ተጠቃሚ ከተገኘ በኋላ ነው። ውሳኔው በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ታይቶ፣ ሰፈሩ ከተመለሰ ትምህርት ቤቱ እንደገና ይከፈታል።